አበባው እንግዳ ነው፣ ቅጠሉ ቤተኛ
የደጅና የጓሮ አምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች ከተለያየ ከተማ፣ ከተለያየ ግቢ የመጡ ናቸው። ቅሬታው ግን አንድ ነው፦ "ብዙ ተከልኩ፣ ግን አላምር አለኝ።" ችግኙ ጸድቋል፣ ውሃው አለ፣ ልፋቱም አለ። ሲታይ ግን ግቢው ዕቃ የተደረደረበት ሱቅ ይመስላል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ አላወራም። የማወራው ስለ ቀለም፣ ስለ ቅጠል ልስላሴና ሻካራነት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ግቢውን ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆመው ስለ ምሰሶና ማገሩ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ላኪዎቹ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር አካባቢ ነው የምንኖረው። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው ክፍት ቦታ 5 ሜትር በ8 ሜትር ገደማ ይሆናል። አምና ሰኔ ላይ መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ያማረኝን ሁሉ ገዛሁ። ጽጌረዳ በአራት ቀለም፣ ጌራኒየም፣ ዳሊያ፣ ስሙን የማላውቀው ሐምራዊ ነገርም አለ። መስከረም ላይ የመጣ ሰው ሁሉ ፎቶ ሳይነሳ አይሄድም ነበር። ጥር ሲገባ ግን ግንድና አቧራ ብቻ ቀረኝ። አፈሩም ተሰነጣጠቀ። ባለቤቴ "ይነቀልና ሴራሚክ ይነጠፍበት" እያለ ነው። ምን ትመክረኛለህ? (ሴራሚክ የማትወደው)

መልስ፦ መጀመሪያ ሴራሚኩ ይቆይ በይው። ቀጥሎ ደግሞ አትዘኚ፣ እኔም በዚሁ መንገድ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያ ግቢዬን የተከልኩ ጊዜ አንድ ላዳ ታክሲ ሙሉ አበባ ጭኜ ስገባ ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ "ሰርግ አለ እንዴ?" ብላኛለች። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ግንድ ነው።

የአንቺም ነገር እሱው ነው። ግቢሽ ከአበባ ሌላ ምንም የለውም። አደይ አበባን እይው እስቲ። መስከረም ላይ የእንጦጦን ዳገት ቢጫ ያለብሰዋል፣ ጥቅምት ሳያልቅ ዘሩን ጥሎ ሄዷል። እንጦጦ ግን ያኔም እንጦጦ ነው፤ ዛፉ አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ ዳገቱ አለ። አበባ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ቤቱን ያደምቀዋል፣ ከዚያ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ አብሮሽ የሚኖረው ቅጠሉ ነው፣ ከቅጠሉም በፊት ዛፉ፣ መንገዱና አጥሩ። አንቺ እንግዳ ጠርተሽ ቤቱን ገና አልሠራሽም ነበር።

እንግዲህ ከቤቱ እንጀምር። ብዙ ጊዜ ቡና የምትጠጪበት ቦታ ቁጭ በይና ወደ ግቢው ተመልከቺ። ዓይንሽ ቀድሞ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? ብዙ ግቢ ውስጥ መልሱ የውሃ ታንከር ወይም የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ዛፍሽን የምትተክዪው ከዚያ ፊት ለፊት ነው፣ ባዶ ያገኘሽበት ጥግ ላይ አይደለም። ለ5 በ8 ግቢ አንድ ዛፍ ይበቃል። እኔን ከጠየቅሽኝ ወይራ። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ መከርከም ይቀበላል፣ ቅጠሉ ደግሞ ከላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ ከሥሩ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ነፋስ ሲነካው ዛፉ በሙሉ ቀለሙን የሚገለባብጥ ይመስላል። አልታገስም ካልሽ ሎሚ ትከዪ። ባህር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ግን በዚህ ስፋት አይሞከሩም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግቢው የእነሱ ነው፣ አንቺ ተከራይ ነሽ።

አፈሩ ተሰነጠቀ ያልሽው መረሬ ስለሆነ ይመስለኛል። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሸማቀቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሲሰነጠቅ ደግሞ ቀጫጭን ሥር ይበጣጥሳል። ጽጌረዳዎችሽ ጥር ላይ የከሱት በውሃ ጥም ብቻ ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ከፍ ያለ መደብ ነው። በጥቁር ድንጋይ 30 ሳንቲም ያህል ካብ አስደርድሪ፣ ውስጡን በፍግ፣ በኮምፖስትና ትንሽ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) በተቀላቀለበት አፈር ሙዪው። ላዩን በገለባ ወይም በደረቀ ሳር ሸፍኚው፣ እርጥበቱን ይይዝልሻል። የመደቡ ስፋት በአንድ በኩል ብቻ የምትደርሺበት ከሆነ ከ60 ሳንቲም አይብለጥ። ካለዚያ ለማረም ስትገቢ የተከልሽውን ትረግጪዋለሽ።

ደግሞም ያ ካብ ራሱ ምሰሶሽ ነው። አበባ ባይኖርም፣ ቅጠል ባይኖርም፣ በጋውም ቢጠና፣ ጥቁሩ መስመር ግቢውን ይዞት ይቆማል።

መንገዱን 1 ሜትር ከ20 አድርጊው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን፣ ወይም ኩንታል ጤፍ የተሸከመ አንድ ሰው ያልፍበታል። ያለ ምክንያት አታጣምሚው። ሰው ሁሉ ዛሬ መንገድ እንደ እባብ ካልዞረ የአትክልት ቦታ አይመስለውም። መጠምዘዝ ካማረሽ፣ መጠምዘዣው ላይ የሚያስጠመዝዝ ነገር ይኑር፤ ቁጥቋጦ ይሁን፣ ትልቅ ድንጋይ ይሁን፣ የተሰነጠቀ ጋን ይሁን። ባለቤትሽም በዚህ በኩል ድርሻውን ያግኝ። ሴራሚኩን ትቶ ኮብልስቶን ወይም ሻካራ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያንጥፍ። ሴራሚክ ሐምሌ ላይ ማንን እንደሚጥል ራሱ ያውቃል።

ወደ ቅጠሉ ልምጣ፣ እኔ የምወደው ክፍል ይሄ ነውና ታገሺኝ። አረንጓዴ አንድ ቀለም ይመስለናል። ለበዓል ከጉሊት የምትገዢያቸውን አስቢ፦ ጠጅ ሳር፣ አሪቲ፣ ጤና አዳም። ሦስቱም "አረንጓዴ" ናቸው። ጠጅ ሳሩ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ረጅምና ስል ነው። አሪቲው ብርማ ሆኖ እንደ ዳንቴል የተበጣጠሰ ነው። ጤና አዳሙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ቅጠሉም ደቃቅና ድቡልቡል ነው። እጅሽ ላይ ስትይዢያቸው የሚያምሩት ለዚህ ነው፤ አንዱ የሌላውን መልክ ያወጣዋል። ፈረንጆቹ ቴክስቸር ብለው ስንት የሚጽፉበት ነገር እኛ ዘንድ በዋዜማ በጥቂት ብር ታስሮ ይሸጣል። ሦስቱን እንደዚያው አጠጋግተሽ መደቡ ጠርዝ ላይ ትከዪ። ከኋላቸው ጌሾ አድርጊ። የጌሾ ቅጠል ቅባት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፣ ከርክመሽ እንደ አጥር ልታቆሚው ትችያለሽ፣ የከረከምሽውም ለጠላ ይሆናል። ብርማው አሪቲ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ ፊት ሲቆም ምንም አበባ ሳይኖር ዓይን ይይዛል። ነገሩ ቀላል ነው፦ ከደቃቁ አጠገብ ሰፊ፣ ከሚያብረቀርቀው አጠገብ ደብዛዛ፣ ቀጥ ብሎ ከቆመው ሥር የሚንጠፍ። ጤና አዳምን ግን ፀሐይ ላይ በባዶ እጅሽ ብዙ አትነካኪው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ልጆች ካሉሽ ንገሪያቸው።

ቀለም ላይ ደግሞ ነጠላሽን አውጥተሽ እይው። ጥለቱ ያለው ጠርዝ ላይ ነው፣ አይደል? ቀሪው ነጭ ነው። ጥለቱ ነጠላውን ሙሉ ቢሸፍነው ጥለት አይባልም ነበር። ግቢም እንደዚያ ነው፤ አረንጓዴው ነጩ ሸማ ነው፣ አበባው ጥለቱ። አራት ቀለም ጽጌረዳ አንድ አንድ ከምትተክዪ አንዱን ቀለም መርጠሽ አምስቱን አንድ ላይ ትከዪ። ሁለት ዋና ቀለም ይበቃሻል፣ ሦስተኛው እንደ ቅመም ጣል ይደረግ። ቀይና ብርቱካን ወደ ዓይን ይቀርባሉ፣ ስለዚህ በር አጠገብ፤ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፣ ስለዚህ ከጥግ፣ ትንሹን ግቢ ረዘም ያደርጉታል። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ፈዛዛ ቀለምን ያጥበዋል። ነጭ አበባ ደግሞ አመሻሽ ላይ ነው የሚበራው፣ ማታ ማታ የምትቀመጪበት ቦታ ካለ ነጩን እዚያ።

ይሄን ሁሉ ከጨረስሽ በኋላ ግቢውን በስልክሽ አንሺና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ከተቀላቀለብሽ ችግሩ ያለው ቅጠሎቹ ላይ ነው፣ ሌላ አበባ አትግዢ። በይ፣ ድንጋዩና አፈሩ ሰኔ ሳይገባ ይለቅ፣ ዛፉና ቁጥቋጦው ሰኔና ሐምሌ ይተከል፣ ከተረፈሽ ገንዘብ አበባ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። በረንዳዬ 3 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ነው። በቀለም ባልዲ፣ በዘይት ጀሪካን፣ በላስቲክ፣ በተሰበረ ድስት ወደ ሃያ የሚጠጋ ተክል አለኝ። ሁሉም ደህና ነው፣ ግን የሚጎበኘኝ ሰው ሁሉ "መጋዘን ነው?" ይለኛል። ለበረንዳም ዲዛይን ይባላል? (ኤፍ.ጂ.)

መልስ፦ ይባላል እንጂ! እንዲያውም ጠባብ ቦታ ላይ ነው ስህተት የሚጮኸው። ያንተ ጉዳይ ተክሉ አይደለም፣ ዕቃው ነው። አንድ የበረንዳ ተክል ግማሹ የሚታየው መያዣው ነው፣ አንተ ደግሞ ሃያ ዓይነት መያዣ አለህ። አዲስ አትግዛ። ባልዲውንም ጀሪካኑንም እጠብና በአንድ ቀለም ቀባው፤ ሸክላማ ቡኒ ወይም ጥቁር ግራጫ። አንድ ቅዳሜ ይበቃሃል። ያን ቀን ማታ በረንዳህ ሌላ ሰው በረንዳ ይመስልሃል። አንገቷ የተሰበረ ጀበና ካለችህ እሷን አትቀባት፣ በሶብላ ትከልባትና በር አጠገብ ተዋት።

ቀጥሎ ከፍታ። አሁን ሁሉም ወለል ላይ ነው አይደል? ሃያውን በሦስት ደረጃ ክፈለው። ጥግ ላይ አንድ ረጅም ነገር ይቁም፣ መሐሉ ላይ ሰፋ ያለ ቅጠል፣ ከብረቱ ላይ ወደ ታች የሚንጠለጠል። ጥግ ላይ ረጅሙን ሽቦ ላይ የሚወጣ ተክል ልታደርገው ትችላለህ፣ ፓሽን ፍሩት ጥሩ ነው፣ ጎረቤትን ከማየትም ያድናል።

ክብደት አትርሳ። 20 ሊትር ባልዲ እርጥብ አፈር 30 ኪሎ ያልፋል። አሥሩን አንድ ቦታ ብትኮለኩል 300 ኪሎ ነው። ከባዱን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠጋ፣ ከብረቱ ጋር አይደለም፤ አፈሩን ደግሞ ከሬድ አሽ ጋር ደባልቀው፣ ይቀላል፣ ውሃም ያሳልፋል። ከባልዲው ሥር ሳህን አድርግ። ታች ያለችው ሴትዮ ነጭ ልብስ ያሰጣች ቀን ነው አንተ ውሃ የምታጠጣው፤ ይሄ ሕግ ነው፣ ማንም አልጻፈውም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገርህ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰማያችን ሰሜን በኩል ነው የሚያልፈው፣ በቀሪው ጊዜ በደቡብ። በረንዳህ ወደ ደቡብ ከሆነ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ይገባልሃል፤ እሬት፣ ሮዝመሪ፣ ጌራኒየም ደስ ይላቸዋል። ወደ ሰሜን ከሆነ ግን ጥሩ ፀሐይ የምታገኘው ግንቦት አካባቢ ነው፣ ክረምቱን ደመና ይበላዋል። እዚያ አበባ አበባ እያልክ አትልፋ። በሰፋፊ ቅጠልና በፈርን ተጫወት፣ ጥላ ውስጥ የሚያምረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ደብረ ብርሃን ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ግቢዬ ሰፊ ነው፣ ጊዜም አለኝ። ዳሊያና ሌላም ለስላሳ አበባ በየዓመቱ እተክላለሁ፣ ኅዳር ላይ ውርጭ ይመታዋል፤ ጠዋት ስነሣ የተቀቀለ ጎመን መስሎ አገኘዋለሁ። ውርጭ ባለበት አገር ቀለም ያለው ግቢ ማማር ይቻላል ወይስ ልተወው? (መምህሩ)

መልስ፦ የኔታ፣ አይተዉት። ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጠው ውርጭ የማይችል ለስላሳ አበባ መመኘቱን ብቻ ይተዉት። ደጋው የራሱ ቀለም አለው።

ቀጋን ያውቁታል፤ የአገራችን የራሷ ጽጌረዳ ናት። ነጭ ታብባለች፣ ከዚያ ቀይ ፍሬ ትይዛለች፣ እሾህዋም አጥር ይሆናል። በአንድ ተክል ሦስት ነገር ያገኛሉ፣ ያውም ብርዱን ሳትፈራ። አሜጃ ደግሞ ቢጫ አበባ የሚያወጣ የደጋ ቁጥቋጦ ነው፣ ሰው ግን ጫካ ነው ብሎ ይንቀዋል። ሰፊ ግቢ አለኝ ካሉ አንድ ኮሶ ይትከሉ። ትልቅ ዛፍ ስለሚሆን ከቤቱ ራቅ ይበል። የሴቷ ዛፍ አበባ ቀላ ብሎ እንደ ዘርፍ ሲንጠለጠል፣ የቅርፊቱ ሻካራነት፣ የቅጠሉ ክምችት... የትኛው የውጭ ዛፍ ይወዳደረዋል? እኔ አዲስ አበባ መሐል ጠባብ ግቢ ውስጥ ሆኜ ይሄን ስጽፍልዎ እየቀናሁ ነው።

ለልዩነቱ ደግሞ አክርማ። አዎ፣ ስፌት የሚሰፋበት አክርማ። ጉቶ ጉቶ እየሆነ ይበቅላል፣ ቀጭንና ጠንካራ ነው፣ በጋ ሲመጣ ወርቃማ ይሆናል። ከጥቁር ድንጋይ ካብ ሥር አምስት ስድስት ጉቶ ቢተክሉና ጥር ላይ የጠዋት ፀሐይ ቢያገኘው ያን ጊዜ ይፈርዱኛል። ባለቤትዎ ሊቆርጡት ይመጡ ይሆናል፣ እሱን እርስዎ ይደራደሩ።

ስለ ውርጩ፦ ሰማይ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ግቢዎ ተዳፋት ከሆነ የታችኛው ጥግ ላይ ለስላሳ ነገር አይተከልም። የግድ ዳሊያ አልተውም ካሉ የድንጋይ ግንብ ሥር ያድርጉት። ድንጋዩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል፤ ያ ሁለት ሦስት ዲግሪ ብዙ ጊዜ ያተርፈዋል። ሲመሽ ጆንያ ጣል ማድረግም አይከፋም። ዳሊያው ቢመታም ሥሩ እንደ ድንች መሬት ውስጥ አለ፣ ቆፍረው ደረቅ ቦታ አስቀምጠው ዝናብ ሲመጣ መልሰው ይተክሉታል።

ጅብራ ከተራራ አምጥቼ ልትከል የሚል ሐሳብ ካለዎት (ሰፊ ግቢ ያለው የደጋ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያስበዋል) ይቅር። እሱ ከዚያም ከፍ ያለ ቦታ ነው የሚኖረው፣ ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል። ባለበት ይከበር።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነኝ። ቡገንቪሊያ በስድስት ቀለም ተክዬ አጥሩን አለበስኩት። ሮዝ፣ ብርቱካን፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ሁሉም አለ። ግን እያየሁት ዓይኔን ያመኛል። ደግሞ ብዙ ውሃ ባጠጣሁት ቁጥር ቅጠል እንጂ አበባ አያወጣም። (ኤስ.)

መልስ፦ ዓይንህ ትክክል ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ፀሐዩ ራሱ ጩኸት ነው፤ አጥሩም ሲጮህ ማን ይደማመጥ? ሁለት ቀለም አስቀር፣ ቀሪውን ለጎረቤት ስጥ። ነጩን ለማታ፣ ከቀሪዎቹ አንዱን ምረጥ፣ የቱ እንደሆነ አልነግርህም፣ አጥሩ ያንተ ነው። ውሃውን ቀንስለት። ቡገንቪሊያ ትንሽ ሲጠማው ነው የሚያብበው፣ ከጠገበ ቅጠል በቅጠል ይሆናል። በነገራችን ላይ ያ ባለቀለሙ ነገር አበባው አይደለም፤ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው፣ አበባው መሐሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት። ለዚያ ነው ሳይረግፍ ብዙ የሚቆየው። አንተ ጋ ግን ከቀለም በፊት ጥላ ነው። አንድ የኒም ዛፍ ተክለህ ሥሩ ወንበር አድርግ፣ ጥላው ውስጥ ሆነህ የምታየው ቀለም ዓይን አያምም።

ጥያቄ፦ እንደምን አለህ ወንድም ጋሼ። ከሜሪላንድ ነው የምጽፍልህ። የጉራጌ ልጅ ነኝ። አንድ ችግኝ መሸጫ ውስጥ "የአቢሲኒያ ሙዝ" ተብሎ እንሰት፣ ቀላ ያለው ዓይነት፣ ሲሸጥ አይቼ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ገዝቼ ከቤቱ ፊት ተከልኩት። በጋውን ጎረቤት ሁሉ ያየው ነበር፣ ግን ትንሿን ደጅ ዋጣት። አሁን ደግሞ ብርዱ እየመጣ ነው። ምን ላድርገው? አጠገቡስ ምን ልትከል? (የእናቷ ልጅ)

መልስ፦ እኔም ደብዳቤሽን ሳነብ ዝም አልኩ ትንሽ። ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሰው የሚመገበው ተክል እዚያ ለጌጥ ይሸጣል፤ ይሄም አንድ ነገር ነው።

በመጀመሪያ አስቸኳዩን። እንሰት ውርጭ አይችልም። የመጀመሪያው ውርጭ ሳይመጣ፣ በእናንተ አገር ኦክቶበር ላይ ማለት ነው፣ ቆፍረሽ አውጪው። ቅጠሉን ቁረጪ፣ መሐል ያለውን አዲሱን ጥቅል ብቻ ተዪለት። አፈሩን አራግፊና ምድር ቤት ቀዝቀዝ ያለ ግን የማይበርድ ቦታ አቁሚው። ውሃ አይጠጣ፤ ክረምቱን ያንቀላፋል። በጣም እርጥብ ከሆነ ይበሰብሳል፣ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው፣ አዝኖ ያጠጣዋል። ሜይ አጋማሽ ላይ፣ የእናቶች ቀን ካለፈ በኋላ፣ መልሰሽ ትከዪው።

አሁን ደጅሽን ዋጠ ስላልሽው። እስቲ አገር ቤት እንሰቱ የት እንደነበር አስታውሺ። ጀፎረው፣ የመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ ሰፊ ሳር ነው፣ ምንም አይተከልበትም፣ ከብት ያልፍበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ሰርግና ለቅሶ ይቆምበታል። ቤቶቹ ወደ ጀፎረው ዞረው በመስመር ይቆማሉ። እንሰቱ ከቤቱ ኋላ ነው። ፊት ለፊት ክፍትና ዝቅ ያለ፣ ኋላ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ። ያ የአባቶችሽ ዲዛይን ነው፣ እኔ የምጨምርበት የለኝም። አንቺ ገልብጠሽ ከፊት ተከልሽው፣ ለዚያ ነው ቤቱን የዋጠው። ወደ ኋላ ጓሮ ውሰጂው። ኋላ ቦታ ከሌለ ከቤቱ ጥግ ጋር አስጠግተሽ ከነፋስ ከልዪው፣ ሰፊው ቅጠል ነፋስ ይተለትለዋል።

አጠገቡ ምንም ትልቅ ቅጠል አታድርጊ። ለአንድ ግቢ አንድ ጌታ ይበቃል። ደቃቁን አምጪ፤ ብርማው አሪቲ ብርዱን ይችላል። ቀላ ያለው የእንሰቱ አከርካሪ ከብርማው አጠገብ ሲሆን የበለጠ ይቀላል። እንሰቱ ምድር ቤት በተኛበት አምስት ስድስት ወር ደጁ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ቅጠሉን የማያረግፍ አንድ ቁጥቋጦ እዚያው አቅራቢያ ይኑር። በረዶ ሲጥልበት እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቆምልሻል። የሰፈሩ ማኅበር "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ከጠየቀ ቆጮ አቅርቢላቸው፣ ከተገኘ።

ጥያቄ፦ አጭር ጥያቄ ነው። ይሄ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን አርቴፊሻል ሳር አንጥፌ ብገላገልስ? ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፣ አይታጨድም። (የደከመው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጋቢት ላይ በእኩለ ቀን ጫማህን አውልቀህ ቁምበትና ጻፍልኝ።